ፊሊፕስ ኮሌክሽን፦ ጎዶሎ ቁጥር ብቻ

ዋሽንግተን ስኖር ሃያ ዓመት በዚህ የሥዕል ሙዚየም ደጅ አልፌያለሁ፤ የገባሁት ግን ባለፈው እሁድ ነው። እንደ ከተማው ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነፃ አይገባም። ዱሮ የባለጸጋ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር፣ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በመኪና አትሂዱ፤ በቀዩ መስመር ባቡር ዱፖንት ሰርክል ውረዱ።

የሄድኩት ለሠዓሊው ጄከብ ሎውረንስ ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን የፈለሱበትን ታሪክ በ60 ትናንሽ ሰሌዳዎች ላይ ሥሎ በ1941 ሲጨርስ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ወላጆቹም ከደቡብ የመጡ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ታፔላ ጻፊ ስለነበርኩ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ቀለሙ ላይ ነው። ሰውየው ስድሳውንም ደርድሮ አንዱን ቀለም በሁሉም ላይ ካዳረሰ በኋላ ነበር ሌላውን የሚያነሳው። እኛም ሃያ ታፔላ ሲታዘዝ እንደዚያው ነበርን! የዛሬው ቀይ ዛሬውኑ ሃያውም ላይ ካላረፈ ነገ የሚበጠበጠው አይገጥምም።

ደማቅ ቀለም የለመደው የኒው ዮርክ ጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሃርለም ውስጥ ከእናቱ ቤት ምንጣፎች ነው። የሜክሲኮውን ሠዓሊ ኦሮዝኮን ያደንቅ ነበር። የፍልሰቱን ታሪክ ደግሞ እዚያው ሃርለም 135ኛው መንገድ ላይ ካለው ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ አንብቦ ነው ያጠናው። ከየሥዕሉ ጋር አጭር ጽሑፍ አለ፤ ቸርችል ጎዳና በቆዳ ላይ የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ትዝ አለኝ።

የሚያናድደው፣ ሥዕሎቹ በኮሮና ጊዜ እንደነበረው የአዲስ አበባ ታርጋ በሙሉና በጎዶሎ ተከፍለዋል። ጎዶሎዎቹ 30 እዚህ ናቸው፣ ሙሉዎቹን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ ወስዷል። አንድ ታሪክ እንዴት እየዘለሉ ይነበባል? ሁለቱ ሙዚየሞች ተስማምተው ሲገዙ ሠዓሊውን የጠየቀው ይኖር ይሆን?

ሌላም አለ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሪቻርድ ዲበንኮርን በ1944 ኳንቲኮ ጦር ሰፈር ወታደር ሳለ እየመጣ ያየው የነበረው፣ ፈረንሳዊው ማቲስ ስቱዲዮውን የሣለበት ሥዕል እዚሁ ነው። መስኮቱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ዲበንኮርን በኋላ በሠራቸው ሥዕሎች ውስጥ ታገኙታላችሁ። የሠዓሊው ሮትኮ ክፍል ጠባብ ናት፦ አራት ሥዕል፣ አንድ አግዳሚ። ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠችባት፤ እኔ አምስት ደቂቃ አልቆየሁም።

የሎውረንስ ቁጥር አንድ ሰሌዳ ላይ ሕዝቡ ወደ ሦስት በሮች ይጋፋል፦ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክ፣ ሴንት ሉዊስ። ስልሳኛው ኒው ዮርክ ስላለ ለሚመጣው ወር የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ።