ደብረ ሊባኖስ መሳለም ወይስ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን ግቢ መጥረግ?

እግዚአብሔርን ለማወቅ መጀመሪያ ዝቅ ማለት ነው። ግን የት ይለመዳል? ደብረ ብርሃን ላሉ ወዳጆቼ ይህ ክርክር አያልቅም።

ወጪ፦ ገዳሙ የመኪናና የስንቅ ብር ይፈልጋል። መጥረጊያው ቤት አለ።

ድካም፦ ነሐሴ 24፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት፣ ዝናብና ጭቃ ነው። ሰፈር ደግሞ የንጋት ብርዱ! ጣት መጥረጊያ አይጨብጥም።

አደጋ፦ ከገዳም ስመለስ «ተሳልሜ መጣሁ» ማለት አበዛሁ። ሉቃስ 18 ላይ ያለውን፣ በጸሎቱ የተመጻደቀውን ፈሪሳዊ ሆኜ አረፍኩት። ስጠርግ ግን አንዲት እናት «ልጄ፣ ጥጉን ዘለልከው» አሉኝ። ሰው እያየኝ ነበር የምጠርገው፤ አፈርኩ። የዚያን ቀን ጸሎቴ «ማረኝ» ብቻ ነበር።

ሥራና ስልክ ፋታ ለነሳው ገዳሙ ይሻላል። ማንም ለማያዘው አለቃ ግን መጥረጊያው።