ባድ ኤምስ፦ ለሦስት ቀን የብስክሌት ጉዞ ማረፊያ

በጀርመን ላን ወንዝ ዳር ያለችው ባድ ኤምስ የሩሲያው ዛር ዳግማዊ አሌክሳንደርና የጀርመኑ ቀዳማዊ ቪልሄልም ለፍልውኃ የሚመላለሱባት ከተማ ነበረች፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ ታላላቅ የፍልውኃ ከተሞች ጋር በዩኔስኮ ተመዝግባለች። ለብስክሌተኛ ግን ትልቁ ጥቅሟ ባቡሩ ነው። 245 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የላን የብስክሌት መንገድ በደጇ ያልፋል፣ ሐዲዱም አይርቀውም። ሻንጣን ሆቴል ትቶ በባቡር እስከ ሊምቡርግ መውጣት፣ ከዚያ ወንዙን ተከትሎ መመለስ ነው።

ጣጣው ከባልዱዊንሽታይን በኋላ ይመጣል። ሸለቆው ስለሚጠብ መንገዱ ወንዙን ትቶ ወደ ሆልዛፕል በኃይለኛ ዳገት ይወጣል። ዕቃ የጫነ ወይም ልጅ የያዘ ሰው እልህ ባይጋባ ይሻላል፤ እስከ ላውረንቡርግ በባቡር ይሂድ። ዳገቱን የመረጠም የፍሬን ሸራውን አስቀድሞ ይፈትሽ፣ ቁልቁለቱ ይበላዋል።

ጎማ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቀጭኑ የውድድር ጎማ ጠጠር ላይ ነፋሱ ካነሰ ከመነዳሪው በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጦ ይበሳል። ለመጨረሻው ቀን ላን ከራይን የሚገናኝበት ላንሽታይን ተመራጭ ነው፤ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን አይሞላም። በበጋ ቅዳሜና እሁድ የባቡሩ የብስክሌት ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋቱ መውጣት ያዋጣል።