ዘጠኝ ወር የሠራሁበት የተጎታች መብራት፦ አምፖሉ ጠንካራ፣ ማሳው (የኤሌክትሪክ መመለሻው) ደካማ

ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የቤት ዕቃ አጓጉዛለሁ። ባለፈው ነሐሴ ከፒክአፕ መኪናዬ ኋላ የምትጎተተውን ትንሽ ተጎታች አሮጌ መብራቶች አውጥቼ በአዲስ ተካኋቸው። ሁለት የኋላ መብራቶች፣ ባለ አራት ሽቦው ጠፍጣፋ ሶኬት፣ መቀጠያ ክሊፖችና ብሎኖች በአንድ ካርቶን ነው የመጡት። ዕቃው ስፋቱ ከ80 ኢንች ለማይበልጥ ተጎታች የተሠራ ነው።

መብራቶቹን አልወቅሳቸውም። የበረዶውን ወራት አልፈው ሽፋናቸው አልተሰነጠቀም፣ ውኃም አላስገቡም። ቅሬታዬ ከእነርሱ ጋር በመጣው ማያያዣ ላይ ነው።

ጥር ላይ አንድ ማታ ዕቃ ጭኜ ስጓዝ ባለቤቴ በራሷ መኪና ትከተለኝ ነበር። ስንደርስ ፊቷ ተለዋውጦ፣ «የግራ ፍሬቻ ስታሳይ ሁለቱም ወገን ፈዘዝ ብሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ወዴት እንደምትታጠፍ ማወቅ አቃተኝ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደነገጥኩ። ከኋላዬ ያለው ሌላ ሰው ቢሆንስ ኖሮ?

በማግስቱ አምፖል ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ፊውዙን አየሁ። በብዙ ፒክአፖች የተጎታች መብራት የራሱ ፊውዝ ስላለው የመኪናው መብራት እየሠራ የተጎታቹ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። የእኔ ግን ደህና ነበር። ቀጥሎ ተጎታቹን ነቅዬ የመኪናውን ሶኬት በመሞከሪያ መብራት ፈተሽኩ። ቡናማው ሽቦ የጉዞ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው። ሦስቱም ኤሌክትሪክ ነበራቸው። የቀረው ነጩ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት፣ በአገራችን ጋራዦች ማሳ የምንለው ነው።

ማሳ ሲደክም ኤሌክትሪኩ የመመለሻ መንገድ ያጣና በሌላኛው አምፖል ክር በኩል ዞሮ ለመውጣት ይሞክራል። የግራው ፍሬቻ የቀኙን መብራት የሚያነካካውም ለዚህ ነው። ለማረጋገጥ ተጎታቹን መልሼ አገናኘሁና የረጅም ሽቦ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ቀለሙ ከተፋቀ የተጎታቹ ሻሲ ጋር አያያዝኩ። መብራቶቹ ወዲያው ቦግ አሉ። ይህን ሙከራ ከአምፖሉ በፊት ባደርገው ኖሮ ግማሽ ቀን ባልባከነብኝ ነበር።

የነጩን ሽቦ ብሎን ስፈታው ጉዱ ታየ። ከካርቶኑ የወጣው ብሎን የታሰረው በቀለም ላይ ነበር፤ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ዙሪያውን በልቶታል። የመግጠሚያው መመሪያ ቀለሙን ፋቁ የሚል አንድ ቃል የለውም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ቦታውን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጨመርኩ፣ አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ ግራሶ ቀባሁት። በሻሲው ብቻ መተማመን ስላልፈለግሁ ከነጩ ሽቦ ሌላ መስመር እስከ ሁለቱ መብራቶች ድረስ ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልፈዘዙም።

ክሊፖቹ ሌላው ችግር ናቸው። የሽቦውን ልባስ በስለት ሰንጥቀው ስለሚያገናኙ በዚያው ስንጥቅ ውኃ ይገባል። ሚያዝያ ላይ የቀኙ ፍሬቻ ጠፋ፤ ክሊፑን ስከፍተው መዳቡ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ተለውጧል። ሁሉንም አውጥቼ በሙቀት ተኮማትሮ በሚታሸግ መቀጠያ ተካኋቸው።

ለመብራቶቹ ስል ይህንኑ ዕቃ ደግሜ እገዛለሁ፤ ክሊፖቹን ግን ከካርቶኑ እንደወጡ እጥላቸዋለሁ። የእናንተ ተጎታች ዕቃ ለማውረድ የሚያጋድል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ነጩን ሽቦ ከማጠፊያው ኋላ ባለው ሻሲ ላይ እሰሩት። ማጠፊያው በግራሶና በዝገት መካከል የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ለማሳ አይታመንም።