ስፖት ዘ ስቴሽን፦ ከጎሃ ተራራ ላይ ሲታይ

የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስፖት ዘ ስቴሽን የተሰኘ የስልክ መተግበሪያ፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በምንኖርበት ስፍራ ሰማይ ላይ መቼ እንደሚያልፍ በነጻ ያሳውቃል። ጎንደር ላይ ሥራውን በሚገባ ይወጣል። ማሳወቂያው ሲደርሰው ጎሃ ተራራ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ የተመለከተ ሰው፣ ገና ደንገዝገዝ ሲል አንድ ደማቅ ብርሃን ሳይብለጨለጭ ብቅ ብሎ፣ ከተማውን ተሻግሮ፣ የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ድንገት ሲሰወር ያያል።

ጉድለቶች አሉት። አማርኛ አያውቅም፤ ሰዓቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ 6:50 ሲል ለእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ50 መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ደመና መኖሩን ስለማይናገር በክረምት ብዙም አይጠቅምም። ቢሆንም ለሳይንስ መምህራን ከልብ እመክረዋለሁ።

የሚያሳስበኝ የአገልግሎቱ ዕጣ ነው። ከኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ያልተለየው ይህ ጣቢያ ከ2030 በኋላ ከምሕዋሩ እንዲወርድ ታቅዷል፤ የሚያወርደውን መንኮራኩር እንዲሠራ ስፔስኤክስ እስከ 843 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ተሰጥቶታል። ናሳ ለጣቢያው በየዓመቱ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ስለዚህ ወደፊት ባለቤት ከመሆን ይልቅ ከደንበኞች አንዱ መሆንን መርጦ፣ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ጣቢያ ለሚነድፉ ሦስት ኩባንያዎች 415.6 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከሦስቱ ኖርዝሮፕ ግሩማን በ2023 እ.ኤ.አ. የራሱን ዕቅድ ትቶ ስታርላብ የተባለውን፣ ከሦስቱ የሌላኛውን የጣቢያ ዕቅድ ተቀላቀለ። መንግሥት ከአንድ በላይ ተወዳዳሪ መደገፉን ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ አንዱ ቢወጣ ሌላው ይቀራልና። ነገር ግን ከመንግሥት ሌላ በቂ ደንበኛ ይገኛል የሚለው ተስፋ ገና በተግባር አልተረጋገጠም።

የአሁኑ ጣቢያ በዓይን ጎልቶ የሚታየው ከጫፍ እስከ ጫፍ 109 ሜትር ስለሚሰፋ ነው። በአንድ ማስወንጨፍ እንዲወጣ የታሰበው ስታርላብ ይህን ያህል ስለማይሰፋ ብርሃኑም ይደበዝዛል፤ ሰዓቱንና አቅጣጫውን አስቀድሞ የሚነግረው ያላገኘ ተመልካችም በቀላሉ አያየውም። ግንባታው በሕዝብ ገንዘብ እስከተደገፈ ድረስ፣ እያንዳንዱ ኩባንያ የጣቢያውን የመተላለፊያ ሰዓት ለማንኛውም ሰው በነጻ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ የድጋፍ ውሉ ውስጥ ከወዲሁ ሊገባ ይገባል።