ፓይፕሳ-ኧርዝን በአሮጌ ላፕቶፕ ሞከርኩት

ፓይፕሳ-ኧርዝ (PyPSA-Earth) የአንድን አገር የኤሌክትሪክ ሥርዓት በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሰላ ሞዴል ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ከቻላችሁ ትገቡበታላችሁ። የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ራሱ ከኦፕንስትሪትማፕ፣ ሰዎች በጋራ ከሚሥሉት ነፃ የኢንተርኔት ካርታ፣ ያወርዳል። የአገር ኮዱን «ኢቲ» ብዬ ቀየርኩና ቡና አፈላሁ፤ በረካ ላይ ስደርስ ላፕቶፔ ቀጥ አለ። ጥፋቱ የኔው ነው፣ በ8 ጊጋ ራም የዓመቱን 8760 ሰዓት ባንዴ ላስሰላ ብዬ! ሦስት ሦስት ሰዓቱን አንድ ላይ ሳደርገው ሄደ።

የወደድኩት ይህንን በሰዓት ማስላቱን ነው። እንደኛ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ለሚያመነጭ አገር፣ ንፋስና ፀሐይ ሲጨመር ግድቡ መቼ ውሃ እንደሚቆጥብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ካርታው ላይ ያልተሳለ መስመር ሞዴሉም ውስጥ የለም። የማመንጫዎቹንም ዝርዝር ዝም ብላችሁ አትመኑ፤ ህዳሴ 5150 ሜጋዋት ሆኖ መግባቱን እኔ በዓይኔ አይቼ ነው የቀጠልኩት። ሶልቨር (የሞዴሉን ስሌት የሚፈታውን ፕሮግራም) ግዙ ቢሏችሁም አትደንግጡ፣ ነፃው ሶልቨር ሃይስ (HiGHS) ይበቃል።