የሰፈር ፋርማሲ ባለሙያና የማስታገሻ ሕክምና፦ የኦንላይን ሥልጠና ወይስ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ?

የካንሰር ሕመምተኛ ቤተሰብ ከሆስፒታሉ ይልቅ የሰፈሩን ፋርማሲ ደጃፍ ደጋግሞ ስለሚረግጥ፣ ባለሙያውን በማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማንን ሥቃይ በሚያቃልል እንክብካቤ፣ ማሠልጠን ተገቢ ነው።

የኦንላይን ሥልጠና ወጪው አነስተኛ ነው፤ ከጎንደርም ከጅማም ሥራን ሳያቋርጡ ይከታተሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣውን ባለ3 ደረጃ የሕመም ማስታገሻ መሰላል (መድኃኒቱን እንደ ሕመሙ ክብደት የመምረጫ መመሪያ) እና የሞርፊንን፣ ማለትም የጠንካራውን የሕመም ማስታገሻ፣ መጠን ስሌት ለማስተማር በቂ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ባለሙያውን ሕሙማንን በቤታቸው ከሚጎበኙ ነርሶች ጋር ማሰማራት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ የቤት ለቤት እንክብካቤ አንድ አብነት ነው። ሞርፊን የሚያስከትለው የሆድ ድርቀት ከአብዛኞቹ ሌሎች የጎንዮሽ ጉዳቶች በተለየ በጊዜ ብዛት ስለማይለቅ፣ የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መሰጠት እንዳለበት መጽሐፍም ይናገራል። ነገር ግን እናት ችግሩን ለልጇ መናገር አፍራ ስትሠቃይ፣ ወይም ልጅ «ሱስ ይሆንባታል» በሚል ፍርሃት በየ4 ሰዓቱ መሰጠት ያለበትን መድኃኒት ሲያዘልል፣ ባለሙያው ምን ብሎ መጠየቅና እንዴት ማስረዳት እንዳለበት የሚማረው እዚያው ቤት ገብቶ ነው። ችግሩ፣ አንድ ባለሙያ ብቻ ያለው ፋርማሲ ለዚህ ሲባል መዘጋቱ ነው፤ ይህም ለሰፈሩ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በጀቱ አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ጥቂት ቀናትም ቢሆን የቤት ጉብኝቱን እመርጣለሁ፤ የመጠን ስሌቱን ከመመሪያ ላይ ማየት ይቻላልና።