ጅማ ላይ ቢላዋ ስትገዙ፦ ባሌስትራ፣ ፌሮ ወይስ ስቴንለስ?

በጅማ ሐሙስ ገበያ ቀጥቃጭ የሠራው ጥቁር ቢላዋና ከውጭ የገባው ስቴንለስ ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ የብዙ ገዢ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደሚያብለጨልጨው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጥቁሩን አንስታችሁ እንድታዩት እለምናለሁ። ጥቁሩም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም።

ከቀጥቃጭ እጅ የሚወጣ ቢላዋ አንዱ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ሌላው ከግንባታ ከተረፈ ፌሮ ይሠራል። ተቀጥቅጠውና ተሞርደው ካለቁ በኋላ በዓይን መለየቱ ያስቸግራል፤ ሥራ ላይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ምክንያቱ ካርቦን ነው። የባሌስትራ ብረት ወደ 0.6 በመቶ ካርቦን ስለሚይዝ፣ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ስለቱም ይቆያል። ፌሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ ስለማይበልጥ፣ ቀጥቃጩ የቱንም ያህል ቢጠበብበት ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አይወጣውም። አንድ ዶሮ ተበልቶበት ሳያልቅ ይዶለዱማል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ፌሮ የሚገዛ ሰው ሲያስለው ሊኖር ነው።

ጥሩ ባሌስትራም እሳት ላይ ሊበላሽ ይችላል። ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ የተነከረ ስለት ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ መልሶ መሞቅ አለበት። ቀጥቃጩ መለኪያ የለውም፤ የሚያየው ቀለሙን ነው። የተወለወለው ብረት የገለባ ቢጫ ሲይዝ በቃው ይባላል፤ ወደ ሰማያዊ ካለፈ ለኩሽና ቢላዋ ከመጠን በላይ ለስልሷል። ይህን ከወናፍና ከከሰል ፊት ቆሞ በዓይኑ የሚለካ ሰው ጠይብ እየተባለ መሰደቡ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ዋጋ ስትከራከሩም ይህን ድካም አስቡለት።

ስትገዙ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ባሌስትራ ነው ወይስ ፌሮ?» በሥራው የሚተማመን ቀጥቃጭ አይቀየምም። ቀጥሎ ሞረድ እንዲያውሳችሁ ጠይቁት። የሞረዱን ጠርዝ ስለቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ስታስኬዱት ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ከነከሰ አልጠነከረም። ጀርባው ላይ ቢነክስ ግን ደግ ነው፤ ጀርባው ለስለስ ያለ ቢላዋ አጥንት ሲያገኘው ቶሎ አይሰበርም።

እጀታውንም ፈትሹ። ቀጥቃጮች ብዙ ጊዜ የብረቱን ጭራ አግለው እንጨቱን እያቃጠሉ ያስገቡታል። ጭራው ከእጀታው ግማሽ ካላለፈ ውሎ አድሮ ይላላል። ከእንጨት ወይራን የሚያህል የለም። ቀንድ ያምራል፤ በቅባት እጅ ግን ያንሸራትታል። በእንግሊዝ አገር ሸፊልድ፣ በድሮው የቢላዋ ንግድ፣ የሚቀጠቅጠው፣ የሚስለውና እጀታ የሚገጥመው የተለያዩ ባለሙያዎች ነበሩ። እኛ ዘንድ ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው፤ እጀታው ቢላላ ወይም ስለቱ ቢሸረፍ ወደ ማን እንደምትመለሱ ታውቃላችሁ።

ወደ ስቴንለሱ እንምጣ። የማይዝገው የቢላዋ ብረት የወጣው ከዚያችው ከሸፊልድ ነው፤ ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ነበር የሠራው። የቢላዋ ስቴንለስ 13 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ክሮሚየም ይይዛል። «ማግኔት ካልሳበው እውነተኛ ስቴንለስ ነው» የሚለው የገበያ ወሬ ቢላዋ ላይ ያሳስታል። ማግኔት የማይስበው ለማንኪያና ለድስት የሚውለው ዓይነት ነው፤ ያ ደግሞ ተነክሮ ስለማይጠነክር ስለት አይዝም። ስለዚህ ማግኔት ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ የሚሳበውን ምረጡ።

ስቴንለስ ባሌስትራን የሚበልጥበት ቦታ አለው። ሎሚ፣ ቲማቲምና አቮካዶ በባሌስትራ ሲቆረጡ ብረቱ ይጠቁራል፤ ምግቡም ላይ የብረት ጣዕም ይቀራል። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት በጅማ አየር ደግሞ ሳይደረቅ ያደረ ባሌስትራ ጠዋት ዝገት ይዞ ይገኛል። ቤታችሁ ቢላዋ ታጥቦ ውሃ ውስጥ የሚያድር ከሆነ፣ ባሌስትራ አትግዙ።

ሶሊንገን የሚል ማኅተም፣ ማለትም በቢላዋ የታወቀችው የጀርመን ከተማ ስም፣ ያለበት ሲያጋጥማችሁ ረጋ በሉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ይህን ስም በሕግ ስለምትጠብቅ፣ እዚያው አካባቢ ያልተሠራ ቢላዋ ሊሸከመው አይገባም። የሠሪው ስም ሳይኖር ከተማዋ ብቻ ከተጻፈችና ዋጋውም ከመንገድ ዳር ስቴንለስ ካልተለየ፣ ማኅተሙን አትመኑት። እውነተኛው ጥሩ ነው፤ ለአንድ ቤት ኩሽና ግን የግድ አይደለም።

ሥጋ ለሚቆርጥ፣ ጎመን ለሚከትፍ፣ ዶሮ ለሚበልት ቤት ምርጫዬ የባሌስትራ ካራ ነው፤ ከጎኑ ለሎሚና ለፍራፍሬ አንዲት ትንሽ፣ ማግኔት የሚስባት ስቴንለስ። አቅም ለአንድ ብቻ ከሆነና የሚያደርቀው ሰው ካለ፣ ባሌስትራው። ከተጠቀማችሁበት በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፤ ክረምት ሲገባ የምግብ ዘይት በስሱ ቀቡት።

ቡና ማሳ ለመመንጠር ገጀራ የምትፈልጉ ግን ለቀጥቃጩ አስቀድማችሁ ንገሩት። ገጀራ ጉቶና ድንጋይ ስለሚመታ ከቢላዋ ይበልጥ መለስለስ አለበት፤ ያ ለካራ የማይሆነው ሰማያዊ ለገጀራ ልኩ ነው።